«ስፓይናል» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? እንዴትስ እንናገረው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ አንድ ቃል ነው። ቃሉም በኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ በየቀኑ የሚሰማው «ስፓይናል» የተባለው ነው። ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል ሰዓት መውሰድ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ ቢነሣ አይደንቀንም። መልሳችን አጭር ነው። አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት፣ ልጇም በማኅፀን ተጨንቆ ሳለ «ጀርባዬን አትውጉኝ» ብላ እንቢ የምትለው ብዙ ጊዜ መርፌውን ፈርታ አይደለም፤ ስለ መርፌው የሰማችውን ቃል ፈርታ ነው። በዚያ ሰዓት በክርክር የሚያልፈው ደቂቃ የሚቈጠረው በእርስዋና በሕፃኑ ሕይወት ላይ ነው።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ወደ ሕይወት ፋናና ወደ ጁገል ሆስፒታሎች የሚመጣው ሕመምተኛ የከተማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ገጠር፣ ከሶማሌ ክልልም ይመጣል። በአንድ የወላዶች ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ሶማሊኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። እኛ ደግሞ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከመጽሐፍ ተነሥቶ ወላድዋ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይተረጐማል፤ በየትርጉሙም አንድ ነገር ይጥላል፣ አለዚያም አንድ ነገር ይጨምራል። ንግግራችን ስለሚጣለውና ስለሚጨመረው ነገር ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

«አኔስቴዥያ» የግሪክ ቃል ሲሆን ፍቺው «አለመሰማት» ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ላይ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በኤተር እንፋሎት አንድ ሰው አስተኝቶ ኦፕራሲዮን ያለ ሥቃይ መደረጉን ካሳየ በኋላ፣ ለአዲሱ ነገር ስም አስፈለገ። በዚያው ዓመት ሐኪሙና ባለቅኔው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ለሞርተን በጻፈው ደብዳቤ ይህን ቃል ሐሳብ አድርጎ አቀረበለት። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ፤ ቃሉ አለመሰማትን እንጂ እንቅልፍን አይናገርም።

«ስፓይናል አኔስቴዥያ» የሚለውን ስም ያወጣው የኒውዮርኩ የነርቭ ሐኪም ሊዮናርድ ኮርኒንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ኮኬይን ወግቶ ያየውን በዚህ ስም ጽፎ አወጣ፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ የጀርባው ውኃ ውስጥ ለመግባቱ ማስረጃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ክዊንከ በኪል ከተማ በመርፌ የጀርባ ውኃ የመቅዳትን ዘዴ አስተማረ። በዚያችው ከተማ አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1898 በዚህ መንገድ ኮኬይን ሰጥቶ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን በአንድ ሕመምተኛ እግር ላይ አደረገ። ስለዚህ ቃሉ ከነገሩ 13 ዓመት ቀድሞ ተወለደ ማለት እንችላለን።

ቢር በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ቀናት በኋላ እርሱና ረዳቱ ሂልደብራንት አንዱ በሌላው ላይ ሞከሩት። ረዳቱ እግሩን በመዶሻ ሲመታና በሲጋራ ሲተኰስ ሕመም አልተሰማውም። በማግሥቱ ግን ሁለቱም ታመሙ፤ ቢር ራሱ ለቀናት ሲቀመጥ የሚብስበት፣ ሲጋደም የሚተወው ራስ ምታት ያዘው። ይህ ራስ ምታት ዛሬም ያለ ነውና ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በፈረንሳይ አገር ዘዴውን ያስፋፋው ቴኦዶር ቱፊዬ ነበር። ፈረንሳዮች ስሙን ከግሪኩ የ«አከርካሪ» ቃል ወስደው «ራሺአኔስቴዚ» ይሉታል። ይህን የምናነሣው በሐረር የአውሮፓ ሕክምና ሲጀመር ፈረንሳይኛ የነበረውን ስፍራ በማስታወስ ነው። በልዑል ራስ መኰንን ዘመን በከተማው ሆስፒታል የሠራው ዶክተር ቪታልየን የጓድሎፕ ተወላጅ ነበር፤ ለወጣቱ ተፈሪ መኰንንም ፈረንሳይኛ አስተምሯል። ሕዝባችን ቀዶ ጥገናን ዛሬም «ኦፕራሲዮን» ሲል ቃሉ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለፈረንሳይኛው የቀረበ ነው።

እንግዲህ በመጻሕፍትና በካርድ ላይ የምናገኛቸው ስሞች ብዙ ናቸው። «ስፓይናል» መርፌው በአከርካሪ በኩል መግባቱን ይናገራል። «ሳብአራክኖይድ ብሎክ» ደግሞ ቦታውን በትክክል ያመለክታል፤ አራክኖይድ የሸረሪት ድር የመሰለው ስስ ሽፋን ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈሰውም ከእርሱ ሥር ነው። «ኢንትራቴካል» ማለት በሰገባው ውስጥ ማለት ነው፤ ሰገባ የተባለውም ነርቮቹንና ውኃውን የያዘው ከረጢት ነው። «ሰድል ብሎክ» የሚባለው መድኃኒቱ ወደ ታች ብቻ እንዲወርድ ተደርጎ በኮርቻ ላይ የሚቀመጠውን የሰውነት ክፍል ያደነዘዘ እንደ ሆነ ነው። «ኤፒዱራል» ግን ሌላ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ከሰገባው ውጭ ይቀራል፤ መጠኑም ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም በቀጭን ቱቦ እየተጨመረ ይሰጣል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለኤፒዱራል የታሰበው መጠን በሰገባው ውስጥ ቢገባ ሕመምተኛው መተንፈስ እስኪያቅተው ሊያደርሰው ይችላልና።

ሥራው እንዴት ነው?

በአዋቂ ሰው ላይ ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኖ በውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ የነርቭ ሥር ብቻ ነው። ባለሙያው የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጁ ዳስሶ፣ በቱፊዬ ስም የሚጠራውን መስመር በሐሳቡ አስምሮ፣ መርፌውን በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያስገባል። የሐረር ሰው ወደ ጁገል በግንቡ ላይ ዘሎ እንደማይገባና በአንዱ በር እንደሚያልፍ፣ ይህም መርፌ የሚገባው ኅብለ ሰረሰር በሌለበት በታወቀ በር ነው። የጠራ ውኃ ጠብ ሲል ባለሙያው ቦታው መድረሱን ያውቃል።

ዛሬ በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 የተቀመመው ቡፒቫካይን ነው። ለቀዶ ጥገና ወሊድ የሚበቃው ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም የሻይ ማንኪያ ግማሽ ቢሆን ነው። ብዙ ጊዜ ስኳር ስለሚቀላቀልበት ከጀርባው ውኃ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው እንደሚቀመጥበትና እንደሚተኛበት ሁኔታ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመጀመሪያ እግር ይሞቃል፤ ቀጥሎ ቅዝቃዜና ሕመም መሰማታቸው ይቀራል፤ በመጨረሻ እግር አልንቀሳቀስ ይላል። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሁሉም ይመለሳል።

ለወላድ ይህ መንገድ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ሙሉ በሙሉ ስትተኛ በሆዷ ያለው ነገር ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ያሰጋል፤ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትም በእርስዋ ላይ ይከብዳል። በስፓይናል ግን ራስዋ ትተነፍሳለች፤ ወደ ሕፃኑ የሚደርሰው መድኃኒት እጅግ ጥቂት ነው፤ ልጇ ሲያለቅስም በጆሮዋ ትሰማለች።

የአማርኛው ቃላችን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ለዚህ ሁሉ በአማርኛ የምንናገረው በአንድ ቃል ነው፤ «ማደንዘዣ» እንላለን። ቃሉ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አእምሮው የማይሠራውን ሰው «ደነዝ» ብለን እንሰድባለን። ሱስ የሚያስይዘውን «አደንዛዥ ዕፅ» እንላለን። ስለዚህ «ማደንዘዣ እንሰጥሻለን» የተባለች እናት አእምሮዋ የሚደነዝዝ፣ ሱስም የሚጣባት ቢመስላት ቋንቋው ራሱ ያሳሰባት ነው። በሌላ በኩል ግን ይኸው ቃል ጥሩ ምስክር አለው። በበርጫ ላይ እግሩን አጣጥፎ ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሲነሣ «እግሬ ደነዘዘ» ይላል። ሽባ ሆንኩ አይልም፤ ጥቂት ቆይቶ እየነዘረው እንደሚመለስ ያውቃልና። በ«ደነዘዘ» እና በ«ሽባ ሆነ» መካከል ያለው ልዩነት መመለሱ ነው። ይህን ምሳሌ የማያውቅ የሐረር ሰው ያለ አይመስለንም፤ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅም ነገሩን ይገልጣል።

ሁለተኛው ቃል «ሰመመን» ነው። የሙያው ስም ሆኖ «የሰመመን ባለሙያ» እንላለን። በተራው አነጋገር ግን ሰመመን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለ ሁኔታ ነው። «ሰመመን ይሰጥሃል» የተባለ ሰው የሚተኛ ይመስለዋል። በስፓይናል ጊዜ ግን አይተኛም፤ የመቀሱን ድምፅ፣ የሐኪሞቹን ንግግር ይሰማል። ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አልያዘኝም፤ ነቅቼ ሊቀዱኝ ነው» ብሎ ቢጮኽ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ተስፋ ሌላ ነበርና።

ሦስተኛው «የጀርባ መርፌ» የሚለው ነው። ይህ የሚናገረው መርፌው የሚገባበትን እንጂ የሚሠራውን አይደለም። በዚህ ላይ ለማጅራት ገትር ምርመራ ከሚደረገው የጀርባ ውኃ መቅዳት ጋር ይምታታል። ለዚያ ምርመራ የሚመረጡት እጅግ የታመሙ ሰዎች ናቸውና ከመካከላቸው የሚሞቱ አሉ፤ የገደላቸው በሽታው ሆኖ ሳለ ወሬው በመርፌው ላይ ይለጠፋል። የዚያ ወሬ ዕዳ በወላድዋ ላይ ያርፋል።

አራተኛው «ከወገብ በታች ማደንዘዣ» ነው። ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ሆኖም እርሱም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለእግር ኦፕራሲዮን ይበቃል። ለቀዶ ጥገና ወሊድ ግን መደንዘዙ እስከ ጡት ድረስ መውጣት አለበት። ከወገብ በታች ብቻ እንደሚሆን የተነገራት እናት ደረቷ ሲከብዳት፣ ትንፋሿን እንደ ወትሮው ሳትሰማው ስትቀር ሞት የመጣ ይመስላታል። «ከደረት በታች ይደነዝዛል፤ ደረትሽ ሊከብድሽ ይችላል፤ እንደዚያ ሲሆን ንገሪን» ብንላት ግን ያው ስሜት ሲመጣ እንግዳ አይሆንባትም።

በጎረቤት ቋንቋዎችም ችግሩ ይኸው ነው። በኦሮምኛ «ሐዶቹ» ማለት ማደንዘዝ ነው፤ ለእኛ ነገር የቀረበ ነው። በሶማሊኛ ደግሞ ለሰመመን የሚነገረው «ሱሕን» ራስን ማሳትን የሚያመለክት ሲሆን፣ የአካል መደንዘዝ ግን «ከቡብዮ» ይባላል። አስተርጓሚው የመጀመሪያውን ቢመርጥ እናቲቱ ራስዋን ልትስት ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ቢመርጥ ግን እግሯ ሊደነዝዝ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ስንጠራ «ማደንዘዣ በላት» ብለን መተው አይበቃም፤ የምንፈልገው የትኛውን እንደ ሆነ ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው።

ሳንሸሽግ መናገር

ፍርሃትን በማባበል ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ እውነተኛው አደጋና የወሬው አደጋ ተለይተው መነገር አለባቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሽባ እሆናለሁ?» የሚል ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ700 ሺህ በላይ የስፓይናልና የኤፒዱራል መርፌዎችን ተመልክቶ፣ ሽባነት ወይም ሞት የደረሰው፣ ነገሩን በከፋ መልኩ ቈጥሮ እንኳ፣ ከ100 ሺህ ከ2 ባነሰ ጊዜ መሆኑን አገኘ። ይህ ቍጥር የዚያ አገር ነው፤ ንጽሕናና ጥንቃቄ ባለበት አደጋው እጅግ ጥቂት መሆኑን ግን ያሳያል። ሁለተኛው «ወገቤን ዕድሜ ልክ ያመኛል» የሚል ነው። ከወሊድ በኋላ የወገብ ሕመም ብዙዎችን ይይዛል፤ ነገር ግን መርፌውን ያልተወጉትንም ይይዛል። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ሊያም ይችላል፤ ለዓመታት የሚቆየውን ሕመም ግን በእርሱ ማሳበብ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ራስ ምታቱ ግን እውነት ነው። ቢርን የያዘው ያው ነው፤ ውኃው በመርፌው ቀዳዳ ስለሚያንጠባጥብ ይመጣል። ዛሬ ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነ ቀጭን መርፌ በመጠቀም እጅግ ቀንሷል። ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ከያዛት ወደ ሆስፒታል መመለስ እንዳለባት እናቲቱ ከመሄዷ በፊት ልትሰማ ይገባታል፤ መድኃኒት አለውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በኦፕራሲዮኑ ሰዓት የሚመጣው የደም ግፊት መውደቅ ነው። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊት ይወርዳል፤ ወላድዋም ያቅለሸልሻታል፣ ይጨልምባታል። ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ያውቃልና ወደ ግራ ያዘነብላታል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ እንደ ኤፌድሪንና ፌኒሌፍሪን ባሉ መድኃኒቶች ግፊቱን ያነሣል። ነገር ግን መጀመሪያ የምታውቀው እርስዋው ናት። «ካቅለሸለሸሽ ወዲያው ተናገሪ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ መድኃኒት ይቈጠራል። በዚህ በእኛ አካባቢ ደግሞ ጫት መቃምን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይለውጣልና። ጥያቄው ግን የወቀሳ ድምፅ ካለው እውነተኛ መልስ አያገኝም።

ስፓይናል የማይሰጥበትም ጊዜ አለ። ሕመምተኛው ካልፈቀደ፣ መርፌ የሚገባበት ቦታ ቁስል ወይም መግል ካለው፣ ደም የመርጋት ችግር ካለ፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ከጨመረ፣ ወይም እናቲቱ ብዙ ደም ፈሷት ከደከመች ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ስለዚህ «ለጎረቤቴ ጀርባዋን ወጓት፣ እኔን ለምን አስተኙኝ?» ለሚል ጥያቄም መልስ ሊኖረን ይገባል።

ቃል በእኛው በባለሙያዎች መካከል

የቃል ጉዳይ በሕመምተኛው ዘንድ ብቻ የሚቀር አይምሰለን። ካርድ ላይ «ኤስ ኤ ቢ» ተብሎ በሦስት ፊደል የተጻፈውን አንዱ ሲያውቀው ሌላው ላያውቀው ይችላል፤ ትርጉሙ ሳብአራክኖይድ ብሎክ ነው። «ኢንትራቴካል» የሚለውን ቃል በቸልታ ማለፍ ደግሞ ሰው ይገድላል። የደም መፍሰስን የሚያቆመው ትራንኤግዛሚክ አሲድ አምፑሉ ከቡፒቫካይን አምፑል ጋር ስለ ተመሳሰለ በስሕተት በጀርባ ተሰጥቶ ወላዶች እንደ ሞቱ በሕክምና መጽሔቶች ተጽፏል። ሁለቱም በወሊድ ጊዜ የሚያስፈልጉ መድኃኒቶች በመሆናቸው በአንድ ክፍል ይገኛሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፣ አምፑሉ ሳይሰበር ስሙን ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ደግሞ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ቃልን አጥርቶ ማንበብ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሥራ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አናውቅም።

ምን እናድርግ?

አዲስ ቃል እንፍጠር ብለን አልተነሣንም። «ማደንዘዣ» ይኑር፤ ሕዝቡ ያውቀዋል። የምንለው ግን ቃሉ ብቻውን አይሂድ ነው። በተናገርነው ቍጥር አራት ነገር እናስከትለው፤ መርፌው የሚገባበትን ቦታ፣ መደንዘዙ ከየት ጀምሮ ወደ ታች እንደ ሆነ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የማይጠፋው ምን እንደ ሆነ። በተራ አማርኛ ሲነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እናቴ፣ ወገብሽ ላይ በቀጭን መርፌ መድኃኒት እንሰጥሻለን። ከደረትሽ በታች ይደነዝዛል፤ እግርሽ ለሁለት ሰዓት ያህል አይታዘዝሽም፤ ከዚያ ይመለሳል። አትተኚም፤ ትሰሚያለሽ፣ ትናገሪያለሽ። ስንነካሽና ስንስብሽ ይታወቅሻል፤ ሕመም ግን ሊሰማሽ አይገባም። ካመመሽ ንገሪን፤ ሌላ መንገድ አለን።»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቢቻል ግን የሚነገረው ምጥ ከጠናባት በኋላ ሳይሆን በእርግዝና ክትትሏ ጊዜ፣ ባሏና እናቷ ባሉበት ነው። በገጠር እንቢታ የሚወጣው ከወላድዋ አፍ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ውሳኔው የቤተ ዘመድ ነውና።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 299 ሕመምተኛ ተረድቶ ሳይፈቅድ አገልግሎት እንዳይሰጠው ደንግጓል። «ተረድቶ» የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። በወረቀት ላይ ያረፈ የጣት አሻራ መፍቀዱን ያሳይ ይሆናል፤ መረዳቱን ግን አያሳይም። መረዳቱ የሚታወቀው ሕመምተኛው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ሲነግረን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከላይ የተናገርነውን አጭር ማስረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛና በሶማሊኛ እናዘጋጅ፤ እያንዳንዱን ቋንቋ በቤቱ የሚናገረው ጓደኛችን ይጻፈው፤ መምህራኖቻችን ይመርምሩት፤ ከዚያ ተባዝቶ በእርግዝና ክትትል ክፍሎች ይነበብ። የአራቱም ቋንቋዎች ልጆች በዚህ ግቢ ውስጥ አሉ፤ የጐደለን መቀመጥ ብቻ ነው። ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን።